የሱፍ ሱሪ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ሙሉ ልብስ የሚለብስ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን እዚህ ላይ ይደርሳል፤ ኮቱ ገና ሰው ፊት የሚያቀርብ ነው፣ ሱሪው ግን አልቋል። ነገሩ ብዙም አያስገርምም። ኮት ቢሮ እንደተገባ ወልቆ ወንበር ጀርባ ላይ ይሰቀላል፤ ቢለበስም ትከሻ ላይ ከመቀመጥ ያለፈ ሥራ የለበትም። ሱሪ ማረፊያ የለውም። ጠዋት በታክሲ ወንበር ይፈተጋል፣ ቀኑን ሙሉ የቢሮ ወንበር ላይ ይታሻል፣ ማታ ክረምት ከሆነ ጭቃ ይዞ ይገባል። የድሮዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሙሉ ልብስ ሲያሰፉ ከአንዱ ጣቃ ሁለት ሱሪ ያስቆርጡ የነበሩት ለቅንጦት ብለው አይደለም።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የሱፍ ሱሪ ለእኔ የሠርግ ሳይሆን የዘወትር ልብስ ነው። “ድራይ ክሊን ሱፍ ይጨርሳል” የሚለውን ወሬ ከባልደረቦቼ ስሰማም ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። አንዱ ላውንደሪ ላለመስጠት ብሎ ሱሪውን ቤት በዱቄት ሳሙና ያጥባል። ሌላው በየሳምንቱ ይሰጣል። የሁለቱም ሱሪ ቶሎ ያልቃል፣ ሁለቱም ላውንደሪውን ይረግማሉ። በእኔ እምነት ደረቅ እጥበት ከሚከሰስበት አብዛኛውን አላደረገም። ሱሪን መጀመሪያ የሚጨርሰው የራሳችን ጭን ነው፤ ቀጥሎ ካውያው።

ማመን የሚከብደው ካለ ያረጀ የሱፍ ሱሪ ገልብጦ መስኮት ላይ ይዘርጋ። ብዙ ያገለገለኝን ግራጫ ሱሪ እንዲህ አድርጌ መርምሬዋለሁ። ከፊት ያለው ጨርቅ፣ ከወገቡ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ በላይ፣ ምንም አልሆነም። ሁለቱ እግሮች ከሚገናኙበት ስፌት ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ግን ለስላሳው ጸጉር ሙልጭ ብሎ ሄዶ ድርና ማጉ ብቻ ቀርቷል፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ስልክ የምይዝበት የቀኝ ኪስ አፉ ሳስቷል፣ የግራው ደህና ነው። መቀመጫው አልሳሳም፤ ነገር ግን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሲል ያብለጨልጫል። የእግሩ ጫፍ ደግሞ ተረከዝ በኩል፣ ጫማው በየእርምጃው የሚነካው ቦታ ላይ፣ እጥፋቱ ተበልቶ ክር አውጥቷል። እዚያው አጠገብ የሊስትሮ ቀለም የነካው ጥቁር ነጥብ አለ። (ሊስትሮ ዘንድ ስትቀመጡ ሱሪያችሁን ሁለት ጊዜ እጠፉት። የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ስለሆነ ሱፍ ላይ ከገባ ላውንደሪውም በቀላሉ አያወጣውም።)

እንግዲህ ደረቅ እጥበት የሚጠቀምበት ፈሳሽ ሱሪውን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው የሚያርሰው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ጨርቁ በሙሉ እኩል በሳሳ ነበር። ያለቀው ግን የሚታሸው ቦታ ብቻ ነው።

ሱፍ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ብዙ ነገር ያቀላል። የበግ ጸጉር ከእኛ ጸጉርና ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ፕሮቲን ነው፤ ኬራቲን ይባላል። እያንዳንዷ ጸጉር ላይዋ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፣ መልኳም ጥምዝምዝ ነው። ከጥምዝምዙ የተነሣ ሱፍ ተጨፍልቆ ይመለሳል። ቀን ተቀምጣችሁበት ጉልበቱ ያበጠ ሱሪ ማታ ተሰቅሎ አድሮ፣ በማግስቱም ካረፈ፣ ያለ ካውያ አብዛኛው ይስተካከላል። በዚህ ላይ የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ጠዋት ብርዱ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ለሚፈራረቅበት ለአዲስ አበባ አየር ከዚህ የተሻለ ሱሪ አላውቅም። ችግሩ እርጥብ ሱፍ ከደረቁ ይልቅ ደካማ መሆኑ ነው። ላብ የጠጣ ሱሪ በማግስቱ ሲደገም፣ ጸጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ፣ እርጥበቱም ሳይወጣለት እንደገና ይታሻል። ሁለት ሱሪ እያቀያየረ የሚለብስ ሰው ሁለቱን ተራ በተራ እየጨረሰ ከሚለብስ ሰው የበለጠ የሚቆይለት ለዚህ ነው። ሒሳቡ እኩል መምጣት የነበረበት ይመስላል፤ አይመጣም።

ወደ ገበያው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። መርካቶ ውስጥ ሻጩ የማይለው ነገር የለም፤ ሁሉም ጨርቅ “ኦሪጅናል ካሽሚር” ነው፣ ሁሉም “መቶ ፐርሰንት ሱፍ” ነው። የጨርቁ ዳር ላይ የታተመውም ጽሑፍ ቢሆን እንዳታሚው ነው። እኔ የማምነው ክብሪትን ብቻ ነው። ከጨርቁ ዳር አንድ ሁለት ክር መዝዞ መለኮስ ነው፤ ደግ ሻጭ አይከለክልም። ሱፍ ከሆነ እሳቱ እየተንተከተከ ይይዝና ክብሪቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ የቀረውን ጥቁር ነገር በጣት ሲያሹት ደቆ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር እንክብል ይቀራል፣ በጣት አይደቅም። ሁለቱም ከታዩ ድብልቅ ነው።

ድብልቅ መሆኑ ግን ስድብ አይደለም። 55 በመቶ ፖሊስተርና 45 በመቶ ሱፍ በመላው ዓለም ለሥራ ልብስ ሲሠራበት የኖረ ቅንብር ነው፤ መታሸትን ከንጹሕ ሱፍ በተሻለ ይችላል። የሚከፈልበት በሌላ መንገድ ነው፦ ሙቀት ያፍናል፣ ሽታ ይይዛል፣ ደግሞም ላዩ ላይ ጥቃቅን የጸጉር እንክብሎች ያወጣል። ንጹሕ ሱፍም እንክብል ያወጣል፤ ግን የሱፉ ጸጉር ደካማ ስለሆነ ተበጥሶ በብሩሽ ይወርዳል። ድብልቁ ላይ ጠንካራው ፖሊስተር እንክብሉን አንቆ ይዞ ስለሚያስቀረው ሱሪው ከዓመት ዓመት እየሻከረ ይሄዳል።

ከዚያ ደግሞ “ሱፐር” የሚባለው ቁጥር አለ። ሱፐር 100፣ ሱፐር 120፣ ሱፐር 150። ብዙ ሰው ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጨርቁ ይጠነክራል ብሎ ያስባል፤ ቁጥሩ የሚናገረው የጸጉሩን ቅጥነት ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት መለኪያ ሱፐር 100 ማለት ጸጉሩ በአማካይ ከ18.75 ማይክሮን ያልወፈረ፣ ሱፐር 120 ከ17.75፣ ሱፐር 150 ከ16.25 ያልወፈረ ማለት ነው። የቀጠነ ጸጉር ለእጅ ይለሰልሳል፣ ሲታይ ያምራል፣ ሲታሽ ቶሎ ይበጠሳል። የተገላቢጦሹን ማየት የፈለገ የመንዝን በርኖስ ይመልከት። የመንዝ በግ ሱፍ ሸካራና ወፍራም ነው፤ ሱሪ ቢሠራበት ቆዳ ይልጣል፣ በርኖሱና ባናው ግን ለውርጭ የተሠራ ነው፣ እድሜውም ረጅም ነው።

ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ፣ አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉኝ። አንድ ጊዜ ውድ ጨርቅ ገዝቼ ሄድኩ።

“ጋሼ፣ ሱፐር 150 ነው ብለውኛል። እንዴት ያዩታል?”

ጨርቁን በጭብጣቸው ሙሉ ጨምቀው ለቀቁት። ወዲያው ተዘረጋ። ከዚያ ጫፉን ወደ ብርሃን አንሥተው በአንድ ዓይናቸው አዩበት።

“ሱፍነቱስ ሱፍ ነው። ለሠርግ ነው ለሥራ?”

“ለሥራ ነው።”

“እንግዲያው ኮት ይውጣው ልጄ። ለሱሪ ሌላ አምጣ፤ ይሄ ወንበር አይችልም።”

ለሱሪ ምን ልፈልግ ብላቸው የሰጡኝ ምክር እስካሁን አልከሸፈብኝም። በእጅ ሲመዝኑት ከበድ የሚል፣ ድሩም ማጉም በሁለት ክር የተገመደ፣ ላዩ ጸጉራም ያልሆነ ጨርቅ። ፍላኔል የሚባለው ጸጉራሙ ጨርቅ ይሞቃል፣ ደስም ይላል፤ ግን ላዩ ላይ ያለው ጸጉር መጀመሪያ የሚረግፈው እሱ ስለሆነ ጭን ላይ ቶሎ ራቁቱን ይቀራል። ሌላው ምክራቸው ገበር ነው። ከፊት በኩል እስከ ጉልበት የሚወርድ ስስ ገበር ጉልበቱ እንዳያብጥ ይይዘዋል። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ በጭኖቹ መሐል ከውስጥ የሚሰፋው ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ነው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ሱሪው ሳይለበስ ቢሰፋ ነው የሚጠቅመው። ከሳሳ በኋላ የሚመጣው ሥራ ጥገና ነው።

አሁን ወደ ተከሳሹ እንምጣ። ደረቅ እጥበት “ደረቅ” የተባለው ውሃ ስለሌለበት ነው እንጂ ልብሱስ ይርሳል፤ ማሽኑ ውስጥ በአሟሚ ፈሳሽ እየተገላበጠ ይታጠባል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በአሜሪካ ቀደምት የባለቤትነት መብት ያገኘው ቶማስ ጄኒንግስ የሚባል የኒው ዮርክ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዘመኑ 1821 እ.ኤ.አ. ነበር። በአሜሪካ ታሪክ የፈጠራ መብት እንዳገኘ የሚታወቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም እሱ ነው፤ ያገኘውን ገንዘብ ቤተሰቡን ከባርነት ለማስለቀቅ አውሎታል። የዘዴው ዝርዝር ግን የመብት ቢሮው መዝገብ በ1836 ሲቃጠል አብሮ ጠፍቷል። ከእሱ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ዣን ባቲስት ዦሊ ሥራውን በንግድ ደረጃ አስፋፋው፤ በተርፔንታይን፣ ኋላም በቤንዚን መሰል ፈሳሾች ይታጠብ ነበር፣ በእሳት የጋዩ ላውንደሪዎችም ጥቂት አልነበሩም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ እሳት የማይዘው ፐርክሎሮኤትሊን ገበያውን ያዘ። የሚገርመው ይህን ፈሳሽ መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ነው፣ ያውም ጄኒንግስ መብቱን ባገኘበት በዚያው በ1821።

ለሱፍ ይህ ፈሳሽ ደግ ነው። ሱፍን የሚያኮማትረው የሙቅ ውሃና የመታሸት አንድ ላይ መምጣት ነው፤ ያኔ ቅርፊቶቹ ተነሥተው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ተመልሰውም አይላቀቁም። አሟሚው ፈሳሽ ቅርፊቱን አያስነሣም። ዘይትና ቅባት ብቻ ይፈልግና ያሟሟል። ሽሮ የነካው፣ ቅቤ የፈሰሰበት ሱሪ ከዚያ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ላብ ግን ጨው ነው። ሻይ፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ስኳር ናቸው። እነዚህ የሚሟሙት በውሃ እንጂ በዚያ ፈሳሽ አይደለም፤ ስለዚህ የሚያጥበው ሰው አስቀድሞ እድፉን ለይቶ በውሃና በተገቢው መድኃኒት ካልነካካው ልብሱ ጋር ተመልሰው ወደ ቤታችሁ ይመጣሉ። የስኳሩ ደግሞ ይብሳል። ሲፈስ የማይታይ የነበረው ካውያ ሲያርፍበት ይቃጠልና ቡናማ ይሆናል፤ ባለቤቱም “ላውንደሪ ሰጥቼ አቆሸሹብኝ” ይላል። ስትሰጡ የፈሰሰበትን ቦታ በጣት አሳዩ፣ ምን እንደፈሰሰም ንገሩ። ቢቻል ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ያዙበት።

ታፔላው ላይ “ድራይ ክሊን” የተጻፈበት ቤት ሁሉ ደረቅ እጥበት ይሠራል ማለትም አይደለም። ከጀርባ ያለው ማሽን ተራ የውሃ ማሽን የሆነበት ቤት አጋጥሞኛል። ሳያፍሩ መጠየቅ ነው፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ሱሪን ይዞ መውጣት።

የእኔ ቂም ግን ያለው ካውያው ላይ ነው። አንድ ሰሞን ለሥራ ቦታዬ የሚቀርበኝ ላውንደሪ ነበር። ጥቁር ሱሪዬን በሰጠኋቸው ቁጥር እየጠራ ሳይሆን እየተወለወለ ይመለስልኝ ጀመር። ኪሱ ከውስጥ ያለበት ቦታ በፊት በኩል ታትሟል፣ የዚፑ መስመር እንደ ጠባሳ ወጥቷል፣ መቀመጫው የተቀባ ጫማ መስሏል። ካውያ የሚመታውን ልጅ “ወንድሜ፣ ጨርቅ አታደርግበትም እንዴ?” ብለው፣ “ጨርቅ ከተደረገ መስመሩ አይቆምም” አለኝ። ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው ቢላ የመሰለ መስመር ነው። የጋለ ብረት በቀጥታ ሱፍ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ግን የቆመውን ጸጉር ጨፍልቆ ያስተኛዋል፤ የተኛው ጸጉር ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። መጀመሪያ ሰሞን ከሆነ በእንፋሎትና በብሩሽ መልሶ ማስነሣት ይቻላል። ሲደጋገም ጸጉሩ ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ ብልጭልጩ አይለቅም። በመሐል እርጥብ ጥጥ ጨርቅ አድርጎ፣ ካውያውን እየጫኑና እያነሡ እንጂ እየጎተቱ ባለመሄድ መተኮስ ነው የሚሻለው። ሱፍ መስመር የሚይዘው በእንፋሎቱ ነው፣ በብረቱ ክብደት አይደለም። አሁን የምሰጠው ቤት “በእንፋሎት ብቻ፣ ከውስጥ በኩል” ብዬ አስጽፌ ነው የምሰጠው፤ መስመሩ ለስለስ ይላል፣ እኔ ለስለስ ባለ መስመር ኖሬ አውቃለሁ።

ከላውንደሪ ሲመጣ በላስቲክ ከተሸፈነ ላስቲኩን ወዲያው ማውለቅና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ካለው ፈሳሹ ገና አልለቀቀውም ማለት ነው። ይህ ፈሳሽ ለሰው ጤና ደግ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ውስጥ ከፍ ባለው ምድብ ያስቀምጠዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከደረቅ እጥበት ቤቶች በ10 ዓመት ውስጥ እንዲወጣ ወስኗል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ላውንደሪያችሁ ወደ ሌላ ፈሳሽ ወይም ወደ ልዩ የውሃ እጥበት እየዞረ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ግን ማሽኑ ሥር ሲሠራ በሚውለው ሠራተኛ ላይ ነው። እሱን የሚያስብ ሰው ብዙ አላይም።

ስለዚህ ሱሪዬን ላውንደሪ የምወስደው ሲቆሽሽ ነው፤ ተጨማዶ ከሆነ አልወስደውም። ማታ ሳወልቀው ኪሱን አራግፌ፣ ቀበቶውን አውጥቼ፣ ከእግሩ ጫፍ ይዤ ወደ ታች እሰቅለዋለሁ፤ የወገቡ ክብደት ራሱ ይስበዋል። የልብስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ማሳለፍ ደቂቃ አይፈጅም። ለአዲስ አበባ አቧራ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም፤ አቧራው ድርና ማጉ መሐል ገብቶ ከተቀመጠ በየእርምጃው እንደ ሞረድ እየበላው ይሄዳል። ጭቃ ከሆነ በእርጥቡ አለመንካት። ደርቆ በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል፣ ቀሪውን ብሩሹ ያወርደዋል። የጧፍ ሰም ከተንጠባጠበበት በጥፍር አንሥቶ፣ ከላይና ከታች ወረቀት አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መጫን፤ ወረቀቱ ይጠጣዋል።

በረኪና ግን ሱፍ ያለበት ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል። የምናገረው ሱሪው ቀለሙን ስለመልቀቁ አይደለም። አንዲት የሱፍ ክር በረኪና ውስጥ ጣል አድርጎ የተመለከተ ሰው ትንሽ ቆይቶ ክሩን አያገኘውም፤ ሟሙቷል። የዱቄት ሳሙናም ቢሆን ዘመድ ነው። ብዙዎቹ የእንቁላልና የደም እድፍ እንዲበሉ ተብሎ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይጨመርባቸዋል፣ ሱፍ ደግሞ ከእግር እስከ ራሱ ፕሮቲን ነው። ቤት ማጠብ ግድ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ የጸጉር ሻምፑ፣ ሳያሹና ሳይጠመዝዙ ነክሮ ማውጣት፣ ፎጣ ላይ ጠቅልሎ ውሃውን መምጠጥ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ።

ስለ ብል ብዙ አልልም። ልብሱን የሚበላው የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ እሱም የሚመርጠው ላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን ነው። ስለዚህ ለክረምት የሚቀመጥ ሱሪ ታጥቦ ይቀመጥ። ናፍታሊን የሚወድ ያድርግ፤ እኔ ሽታው አይስማማኝም።

ያም ሆኖ ሱሪው ማለቁ አይቀርም። ጭን መሐል ያለው ቦታ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር፣ ገና ሳይቀደድ፣ ከውስጥ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ስስ ጨርቅ አስደግፎ በማሽን ማስጠቀም ሌላ ዘመን ይሰጠዋል። ከተቀደደ በኋላ ያው ሥራ ይሠራል፣ ግን ይታያል። የእግሩ ጫፍ ሲበላ እጥፋቱን ፈትቶ ትንሽ ማሳጠር ይበቃል፤ ለዚህ ነው ሰፊው ከመጀመሪያው እጥፋቱን ሰፋ አድርጎ እንዲተው የሚነገረው። መቀመጫው ሲሳሳ ግን በእኔ ግምት መተው ነው፤ እዚያ የሚደረግ እራፊ ሲቀመጡም ይቆረቁራል፣ ሲነሡም ይታያል።

የጨርቁን ቀለም ከዓመታት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ አይታሰብም። የእያንዳንዱ ማቅለሚያ ዙር መልክ ይለያያል፣ ያኛው ጥቁር ሰማያዊ ከዚህኛው ጋር አይገጥምም። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሁለተኛውን ሱሪ ያን ዕለት፣ ከዚያው ጣቃ ቢያስቆርጥ ይሻለዋል። በ150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለአንድ ሱሪ 1.20 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ቁመታችሁ ረዘም ካለ ወይም እጥፋቱ ሰፋ እንዲል ከፈለጋችሁ 1.30 አስለኩ።